በኮሎራዶ ዊንተር ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ቁልቁለት ይበቃል

በኮሎራዶ ተራሮች ከስኪ ማዕከላት ውጭ የሚንሸራተት ሰው፣ ዊንተሩን ሙሉ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ቁልቁለት ባይነካ ምንም አይቀርበትም። አቋሜ ይኸው ነው፤ ምክንያቴም የበረዶ ናዳ ነው። ብዙ ጎበዝ ተንሸራታቾች አይስማሙም። ቁልቁለቱ ካልበረታ ምን ደስታ አለው ይላሉ። ከዴንቨርና ከኦሮራ ወደ ተራራ የሚወጡ ወጣቶቻችንም ይህን ሲሰሙ ስለሚውሉ ነገሩን በአማርኛ ማንሳት ፈለግሁ።

የበረዶ ናዳ የሚመጣው ብዙ በረዶ ስለወረደ ብቻ አይደለም። እዚያ አገር ችግሩ የሚጀምረው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ያኔ የሚጥለው በረዶ ስስ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከላይ ያለው አየር ግን በጣም ይቀዘቅዛል። በዚህ ልዩነት የተነሳ እርጥበት በተን መልክ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። በረዶው መያያዙን ይተውና እንደ ስኳር ይፈረካከሳል። ከዚያ በኋላ የሚወርደውና ነፋስ የሚያመጣው በረዶ ደግሞ እላዩ ላይ ተጭኖ ይጠነክራል። ሰው ሲወጣበት የታችኛው ይደረመሳል፤ የላይኛው እንዳለ ተሰንጥቆ ይወርዳል። አብዛኛውን ገዳይ ናዳ የሚያስነሳው ራሱ ሟቹ ወይም አብሮት ያለ ሰው የሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ልል በረዶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተቀብሮ ይቆያል። ብዙ ሰው በሰላም ያለፈበት ቦታ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ሊናድ ይችላል። ስለዚህ የሰው ዱካ ማየት ምንም ዋስትና አይሰጥም። በ2020-21 ዊንተር ታችኛው በረዶ እጅግ ደካማ ነበር። በዚያ ወቅት በአሜሪካ 37 ሰዎች በናዳ ሞቱ፤ 12ቱ ኮሎራዶ ውስጥ ነው።

ዕውቀት ካለኝ እተርፋለሁ የሚል ሰው የሺፕ ክሪክን አደጋ ይመልከት። ቦታው ላቭላንድ ፓስ አጠገብ ነው፤ ከዴንቨር በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2013 ስድስት ሰዎች እዚያ በናዳ ተያዙ። አምስቱ ሞቱ። ጀማሪዎች አልነበሩም። የዕለቱን የናዳ ትንበያ አንብበው ተወያይተውበታል። የነፍስ አድን መሣሪያም ይዘዋል። አደገኛውን ተዳፋት ለይተው አውቀውታል፤ ያሰቡት በግርጌው ቶሎ አልፈው ዛፎቹ ጋ መድረስ ነበር። እነሱ ከታች ሆነው በረዶው ተደረመሰ፣ ናዳውም ከላያቸው ተነሳ። ሁሉን እያወቁ መሞታቸው ዛሬም ያንገበግበኛል።

የዚያን ቀን ትንበያ የሰጠው የአደጋ ደረጃ ከአምስቱ ሦስተኛው ነበር። ሦስት ሲባል መሐል ላይ ያለ፣ የማያሰጋ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በዚህ ደረጃ ነው። አራትና አምስት ሲሆን ሰው ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። በሦስት ግን ይወጣል።

አካፋ፣ ረጅም መፈለጊያ ዘንግና የሬዲዮ ምልክት የሚልክ መሣሪያ መያዝ ግዴታ ነው። ሰው ከተቀበረ ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጓደኞቹ ፈልገው፣ አግኝተው፣ ቆፍረው ማውጣት አለባቸው። ያውም እነሱ ራሳቸው ካልተቀበሩ ነው። ናዳው ከዛፍና ከቋጥኝ ጋር የሚያላትመውን ሰው ደግሞ አካፋ አያድነውም።

ቁልቁለቱ ላይ ግን መወሰን እንችላለን። እንዲህ ያለው ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ በታች በረዶው ቢደረመስም ብዙ ጊዜ አይንሸራተትም። ከ30 በታች ስል ግን ከላይ ያለውንም ማየት ያስፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ቆሞ የገደሉ ናዳ የሚደርስበት ሰው አለ። የቁልቁለቱን መጠን በቀለም የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከልም በየዕለቱ ትንበያ በነፃ ያወጣል። ሁለቱን ማታ ቤት ቁጭ ብሎ ማየት ይሻላል። ጠዋት ጓደኛ እየጠበቀ፣ አዲስ በረዶ ፊት ለፊት እያብለጨለጨ ይቅርብኝ ማለት ከባድ ነው።

ከባድ ቁልቁለት የሚወድ ሰው ስፕሪንግን ይጠብቅ። ያኔ በረዶው ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ ይያያዛል። ትንበያው ታችኛው በረዶ መጠንከሩን ሲናገር፣ ፀሐይ ሳይበረታ ማልዶ መውጣት፣ ሳይረፍድም መውረድ ይቻላል።