ማስተካከያ፦ የድሮ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፋን ስለ መግጠም

ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ለድሮ መኪና ተጨማሪ ሆኖ የሚገጠም የራዲያተር ፋን ኃይሉን በቀጥታ ከማስነሻ ቁልፉ መውሰድ እንደሚችል ተገልጾ ነበር። እንዲህ አይቀጠልም።

አንድ ፋን እየሠራ ከ10 እስከ 20 አምፔር ሊስብ ይችላል። ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም በላይ ይጎትታል። የድሮ መኪና ቁልፍና ቀጫጭን ሽቦዎቹ ለዚህ አልተሠሩም። ይግላሉ፤ ሲብስም ይቀልጣሉ። ስለዚህ ዋናው ኃይል ከባትሪው ተነስቶ፣ እዚያው አጠገቡ በተቀመጠ ፊውዝ አልፎ፣ በሪሌ (በትንሽ ኃይል እየታዘዘ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች) በኩል ፋኑ ጋ ይድረስ። ቁልፉና የሙቀት ስዊቹ የሚያዙት ሪሌውን ብቻ ነው። ሪሌ እኮ ርካሽ ዕቃ ነው፤ እሱን ቆጥቦ ሽቦ ማቃጠል አያዋጣም።

ሌላው አቅጣጫ ነው። ፋኑ ከራዲያተሩ ፊት ከተገጠመ አየሩን ወደ ሞተሩ መግፋት፣ ከኋላው ከሆነ ደግሞ መሳብ አለበት። ጽሑፉ ለዚህ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ማገላበጥ በቂ ነው ብሎ ነበር። የፋኑ ሞተር በርግጥ በተቃራኒው ይዞራል። ግን ምላጮቹ ለአንድ አቅጣጫ ከተቀረጹ የሚያልፈው አየር በጣም ይቀንሳል። ምላጩን ራሱን ገልብጦ መግጠም የሚፈቅዱ ፋኖች አሉ፤ እነሱ ላይ ምላጩም ፖዘቲቭና ኔጌቲቩም አብረው ይገለበጣሉ። ካልሆነ ለቦታው የተሠራውን መግዛት ይሻላል።

ስዊቹ ፋኑን የሚያስነሳበት ሙቀትም ቴርሞስታቱ (የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ከሚከፈትበት ከፍ ይበል። 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለሚከፈት ቴርሞስታት 92 አካባቢ ይስማማል። እኩል ከሆኑ ፋኑ እረፍት የለውም።