የጎደሉት 23 ኩንታሎች

ቅዳሜ ገበያው ከተበተነ በኋላ ፍኖተ ሰላም አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። አንዱ የእህል ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል። ሌላው ልጅ እግር፣ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ። የቤቱ ባለቤት ደግሞ እየገባች እየወጣች ነው የምታወራው። እኔ አዳማጭ ነኝ።

ነጋዴው አንጀቱ አሯል። ኅዳር ላይ 400 ኩንታል በቆሎ ገዝቶ መጋዘን አስገባ። ግንቦት ላይ ሊሸጥ ሲያስመዝነው 377 ሆኖ ተገኘ። መጋዘኑን የያዘው የእህቱ ልጅ ነው። የሚገዛው እሱ፣ የሚመዝነው እሱ፣ ለገበሬው የሚከፍለው እሱ። ቁልፉም ደብተሩም እሱ ዘንድ። ልጁ «አልነካሁም» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። አጎት ግን አላመነም። ልጁም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ሄደ።

«የሥጋ ዘመዴን ካላመንኩ ማንን ልመን?» ይላል ነጋዴው ደጋግሞ።

«ጋሼ፣ ማመንዎ አይደለም ችግሩ» አለ ልጅ እግሩ። «ሁሉን ነገር አንድ ሰው ላይ መጫንዎ ነው። እኛ ጋ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን አይረከብም። ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ በገቢ ደረሰኝ፣ በሞዴል 19 ያስገባል፣ ሲወጣም በወጪ ደረሰኝ፣ በሞዴል 22 ነው። ብሩን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።»

«ተወኝ እባክህ! ባለፈው ችግኝ የሚጭነው መኪናችሁ ጎማው ፈንድቶ ስንት ቀን ቆመ? ከሦስት ሱቅ የዋጋ ፕሮፎርማ እስኪሰበሰብ፣ አለቃችሁ ከባሕር ዳር መጥቶ እስኪፈርም ችግኙ ደረቀ ያልከኝ አንተ አይደለህም? እኔ እንደናንተ ብሠራ ገበሬው በቆሎውን ለጎረቤቴ ሸጦለት ይሄዳል።»

ልጅ እግሩ ትንሽ አፈረ። 11 ቀን ነው መኪናው የቆመው፤ ለእኔም ነግሮኛል። «ሰው እንጨምር ብንልም አንችልም» አለ። «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪያችን ከጠቅላላ ገቢያችን 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በበፊቱ አዋጅ 30 ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ የሚከመረው ያሉት ሦስት አራት ሰዎች ላይ ነው።»

ይሄን ጊዜ ባለቤቲቱ ትሪዋን አስቀምጣ ቆመች። «እኔ አስተናጋጄን ሌባ አልላትም። ግን ማታ ማታ ባዶ ጠርሙስ እቆጥራለሁ። ሁለት ሳጥን ቢራ ከወጣ 48 ነው። አንድ ቀን ባዶውም 46፣ ሒሳቡም የ46 ሆነ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ብንፈልግ ሁለቱ ጓሮ ተሰብረው ተገኙ። በየቀኑ ባልቆጥር ኖሮ፣ ወር ቆይቼ ስደርስበት ስባሪውን ከየት አመጣዋለሁ? ልጅቷን ስጠረጥር እኖር ነበር።»

ልጅ እግሩ ስልኩን አወጣ። «ጋሼ፣ በቆሎው ሲገባ እርጥበቱ ስንት ነበር?»

«እኔ በጥርሴ ነው የማየው» አለ ነጋዴው። ያደርገዋልም፤ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰበር አድርጎ ደርቋል፣ አልደረቀም ይላል። የኅዳር በቆሎ ደግሞ እንደሚታወቀው ገና ከማሳ የመጣ ነው።

«18 በመቶ ነበር እንበል። ከ400ው 72 ኩንታሉ ውሃ ነው ማለት ነው። ደረቁ 328 ነው። ግንቦት ላይ እርጥበቱ 13 ከደረሰ 328ቱ የክብደቱ 87 በመቶ ይሆናል። ሲካፈል ስንት መጣ? 377።»

ዝም ተባለ። ነጋዴው ስልኩን ተቀብሎ አየው። ከዚያ ግን ነጋዴ ነውና፣ «18 መሆኑን ማን ለካው?» አለ።

ጥያቄው ጥያቄ ነው። ልጅ እግሩ በ17 ሲያሰላው የሚጎድለው 18 ኩንታል ብቻ ሆነ። በአንድ ፐርሰንት አምስት ኩንታል ተለወጠ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አምስቱ ተሰርቋል? በነቀዝና በአይጥ ሄዷል? አሁን ቢጠየቅ ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ነጋዴው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሳ የጠየቀው፣ የእርጥበት መለኪያ ስንት ብር እንደሚያወጣ ነው። የእህቱን ልጅ ስም አላነሳም።

ፍርዱን ለእኔ ከተዉልኝ ጥፋቱ የነጋዴው ነው። የእህቱ ልጅ ሰርቆ ከሆነም የሚያጋልጠው ነገር የለም፣ ንጹሕ ከሆነም ነጻ የሚያወጣው የለም። ሁለቱንም ያሳጣው አጎቱ ነው። ስለ ሦስት ፕሮፎርማ ግን ነጋዴው ልክ ነው፤ እህል ገበያ ላይ አይሠራም። አይፈለግምም። ልጁ ይመዝን፣ ብሩን ሌላ ሰው፣ የነጋዴው ሚስትም ብትሆን፣ ትክፈል። ደብተሩ ላይ ከኪሎው ጎን የእርጥበቱ ቁጥር ይጻፍ። በየወሩ ጆንያው ይቆጠር፣ ከየድርድሩ ጥቂቱ ወርዶ ሚዛን ላይ ይውጣ። ለዚህ ተጨማሪ ደመወዝ አይወጣም።

የድርጅቱም ሰዎች ቢሆኑ ለጎማ ባሕር ዳር ድረስ ፊርማ መጠበቃቸው ቁጥጥር አይባልም። እዚሁ ያለው አስተባባሪ እስከዚህን ያህል ብር ድረስ ራሱ ይፈርም፣ ደረሰኙ ወር ሲያልቅ ይመርመር ቢባል ችግኙ ይተርፍ ነበር።

የእህቱ ልጅ ቡሬ ሌላ መጋዘን ተቀጥሯል አሉ። እኔ ነጋዴውን ብሆን መለኪያውን ከመግዛቴ በፊት ሁለት ሽማግሌ ይዤ ቡሬ እሄድ ነበር።