ድካም የለብኝም!

ድካም የለብኝም። በደንብ ተኝቼ ነው ወደ ብሪጅ ውድድሩ፣ ሁለት ሁለት ሆነን በጥንድ ወደምንጫወተው የካርታ ጨዋታ፣ የሄድኩት። ራሴን አላመመኝም፣ ከማንም ጋር አልተጣላሁም፣ ሙዴም ጥሩ ነበር። አሁን ግን ተናድጃለሁ። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ መዝለል የምትፈልጉ ከአሁኑ ዝለሉ።

ጠረጴዛውን ታውቁታላችሁ። ጋሼንም ታውቋቸዋላችሁ፣ ስም አልጠራም። አጣማሪያቸውንም፣ ያቺን በየካርታው ፈገግ የምትለውን፣ ታውቋታላችሁ። የእኔን አጣማሪ ደግሞ... እሱን ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

እኛ ቫልነረብል ነን (ጉርሻውም ቅጣቱም የሚበዛብን)፣ እነሱ አይደሉም። መጀመሪያ ጨረታ አለ፤ ስንት ትሪክ (አራቱም አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት ዙር) እንደምንወስድና ከስፔድ፣ ከኸርት፣ ከዳይመንድ፣ ከክለብ የትኛው ትራምፕ፣ ማለትም ገዢ፣ እንደሚሆን እንጫረታለን። እኔ በ1 ስፔድ ከፈትኩ። ሴትየዋ ፓስ አለች። ይህችን ፓስ ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች። አጣማሪዬ የስቶፕ ካርዱን አውጥቶ ወደ 3 ስፔድ ዘለለ። ተራው የጋሼ ሆነ።

ጋሼም አሰቡ።

ካርታቸውን ዘረጉ። ሰበሰቡ። እንደገና ዘረጉ። ጣሪያውን አዩ። እጃቸው ወደ ቢዲንግ ቦክሱ፣ የጥሪ ካርዶቹ ወዳሉበት ሳጥን፣ ሄደ፣ ደብል (የተቃራኒን ጥሪ ውጤት የሚያበዛው) የሚለው ካርድ ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ነካ አደረገው፣ ተመለሰ። ከዚያ ተነፈሱ። ያ ትንፋሽ ብቻውን 10 ነጥብ ነበረው! በስተመጨረሻ አጣማሪያቸውን ቀና ብለው አዩና ፓስ። ፓሱን ያስቀመጡበት አኳኋን ራሱ «ምን ላድርግ፣ ሆድ ይፍጀው» የሚል ነበር።

እኔ 4 ስፔድ አልኩ። ሴትየዋ ምን አለች? 5 ዳይመንድ!

የያዘችውን ልንገራችሁ። በጃክ የሚጀምር አምስት ዳይመንድ። የኸርት ንግሥት። የክለብ ንግሥት። አለቀ። ጃኩ 1፣ ንግሥቶቹ ሁለት ሁለት፣ ድምሩ 5 ነጥብ። አራቱም ሰው አንድ ላይ ያለው 40 ነጥብ ነው፣ ለአንድ ሰው በአማካይ 10 ይደርሰዋል። እሷ የአማካዩን ግማሽ ይዛ፣ መጀመሪያ ፓስ ብላ፣ እኛ ጌም (ትልቅ ጉርሻ ያለውን ጥሪ) ከጠራን በኋላ አምስተኛው ደረጃ ላይ ወጣች። ምን ታያት? መልአክ? ጋሼ ናቸው የታዩዋት!

ደብል አደረግኩ። ሁለት ትሪክ ጎደላቸው። 300 ለእኛ ተጻፈ። ደስ ይላል አይደል? አይልም። 4 ስፔድ ዓይን ተጨፍኖ የሚገባ ነበር። 620። ያንኑ ካርታ የያዙት ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሁሉ 620 ጽፈዋል። በማችፖይንት (የውድድሩ ውጤት አቆጣጠር ነው) ደግሞ ያገኘኸው ስንት ነው አይባልም፤ ያንኑ ካርታ ከያዘው ሰው በለጥክ ወይ ነው ጥያቄው። ስለዚህ የእኛ 300 ድርቅ ያለ ዜሮ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ማሰብ አይከለከልም። ጋሼ እስኪመሽ ያስቡ፣ መብታቸው ነው። የሚከለከለው አጣማሪ ከዚያ ሐሳብ መጠቀሟ ነው። 16ኛው ሕግ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አጣማሪህ ከትንፋሹ፣ ከዓይኑ፣ ከድምፁ ወይም ከመዘግየቱ አንድ ነገር ከነገረህና ከፊትህ ሁለት ምክንያታዊ መንገድ ካለ፣ ትንፋሹ የጠቆመህን መንገድ አትይዝም። ሌላውን ትይዛለህ። ያማል፣ ግን ትይዛለህ። እኔ ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ! አጣማሪዬ ፊቱን ሲያኮሳትር እያየሁ፣ አሪፍ ጥሪ በእጄ እያለ፣ ፓስ ብዬ ዜሮ በልቻለሁ። ማንም አላጨበጨበልኝም።

አሁን ወደ ንግግሩ። ሁሉንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ልረሳውም አልፈልግም።

5 ዳይመንዱ እንደወጣ፣ በጣም በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ከፓሱ በፊት ረዘም ያለ ሐሳብ ነበር፣ ተስማምተናል?» አልኩ። ሕጉ የሚፈቅደው ነው። ክስ አይደለም፣ ማስታወሻ ነው።

«የምን ሐሳብ?» አሉ።

«ከፓሱ በፊት፣ ጋሼ።»

«ስቶፕ ወጥቶ የለም እንዴ? እየጠበቅሁ ነበር።»

እዚህ ላይ መሳቅ አማረኝ። ስቶፕ ሲወጣ ቀጣዩ ተጫዋች 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። የሚያስበው ነገር ኖረም አልኖረም። ሁሉም እኩል ከጠበቀ ማን በእውነት እንደተቸገረ አይታወቅም፣ ለዚያ ነው ደንቡ የተሠራው። ጋሼ ግን ባዶ እጅ ሲሆኑ ስቶፑ ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ነው ፓስ የሚሉት! ባለፈው 3 ነጥብ ይዘው፣ ካርዱ ገና ከአጣማሪዬ እጅ ሳይወጣ፣ ፓስ። ስለዚህ እሳቸው «ጠበቁ» ማለት ነጥብ አላቸው ማለት ነው። እኔ ይሄ ከገባኝ፣ ለዓመታት አብራቸው የተጫወተችው ሴትዮ አይገባትም?

ዝም አልኩ። ተጫወትን። ሲያልቅ የሴትየዋን 13 ካርታ አየሁና እጄን አውጥቼ ዳኛ ጠራሁ።

አቤት ዝምታ! ሰው የሞተ ነው የሚመስለው።

«ሌባ ናችሁ ማለትሽ ነው?» አሉ ጋሼ።

«አላልኩም፣ ጋሼ። ዳኛ ነው የጠራሁት።»

«እኔ ይሄን ጨዋታ ስጀምር አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም ነበር።»

እሺ፣ አልቆጠርኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ቆጥሬያለሁ፣ የሕጉን መጽሐፍም አንብቤበታለሁ። ሴትየዋ ደግሞ በዚያ ፈገግታዋ፣ «እኔማ ድሮም ልጠራው ነበር» አለች። ታዲያ መጀመሪያ ለምን ፓስ አልሽ ስላት ምን ብትል ጥሩ ነው? «ያኔ አልታየኝም።» አልታየኝም! ካርታው እኮ ያው ነው። በመሃል የተለወጠው የጋሼ አተነፋፈስ ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። ምንም! እዚህ ድረስ እኔ ተረጋግቼ ነበር። ያኔ ነው የእኔ አጣማሪ፣ የእኔ የራሴ፣ ከእኔ ጋር ስምምነት ጽፎ የፈረመው፣ ወደ ጋሼ ዞሮ እንዲህ ያለው፦

«ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ድካም አለባት።»

...

ድካም አለባት። እኔ ባለሁበት። ስለ እኔ። ለተቃራኒዎቻችን። ይቅርታ ጠየቀልኝ! ጋሼም በታላቅ ደግነት «ግድ የለም፣ ያጋጥማል» ብለው ማሩኝ። ምህረት ተደረገልኝ። እመኑኝ፣ ያቺን ደቂቃ እንዴት እንዳለፍኳት አላውቅም።

ዳኛው መጣ። ለምን ያህል ጊዜ አሰቡ አለ። ጋሼ «ሦስት ሰከንድ» አሉ። እኔ ግማሽ ደቂቃ አልኩ። ወደ አጣማሪዬ ዞረ። አጣማሪዬም «እኔ አላስተዋልኩም፣ ካርታዬን እያየሁ ነበር» አለ። 3 ስፔድ ከጠራ በኋላ ምኑን ነው የሚያየው? ካርታው ተለወጠ እንዴ? ዳኛውም ሰዓቱን አይቶ፣ ቀጣዩ ዙር እንደዘገየ ነግሮን፣ «እንግዲህ ካልተስማማችሁ ውጤቱ ይጽና» ብሎ ሄደ። ደንበኛው አሠራር እኮ የሴትየዋን ካርታ ለሌሎች በእሷ ልክ ላሉ ተጫዋቾች ማሳየት ነው፤ «በዚህ እጅ ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ። የትንፋሹን ነገር ሳይነግሩ። ሁለት ሦስት ሰው ፓስ ቢል አለቀ፣ 620 ይመለስልን ነበር። ማንንም አልጠየቀም።

የሚያቃጥለኝ ዜሮው አይደለም። ባለፈው አጣማሪዬ ስፔድ መጣል ሲገባው፣ ስፔድ እያለው ዳይመንድ ሲጥል ዳኛ የጠራው ማን ነበር? ጋሼ! በሕጉ መሠረት፣ ቁጭ ብለው። አንድ ትሪክ ተወሰደብን። ትክክል ነበሩ፣ አልተቀየምኩም። ማንም «ሌባ ናችሁ ማለትዎ ነው?» አላላቸውም። እሳቸው ሲጠሩ ሥርዓት ነው፣ እኔ ስጠራ ስድብ። ስህተት ሲታይ ዳኛ ይጠራ የሚለው እኮ ሕጉ ራሱ ነው፤ ተጫዋቾች እርስ በርስ እንዲፈራረዱ አይፈቀድም። ዳኛ የሚጠራው እንዳንጣላ ነው። እኛ ደግሞ ዳኛ ተጠራ ብለን እንጣላለን።

ከተነሳ አይቀር ሌላውንም ልበለው። አንድ ኸርት ብቻ ይዞ የሚያስበው ሰውዬስ? ኸርት ተመርቷል (መጀመሪያ የተጣለው ኸርት ነው)፣ ያለህ አንድ ኸርት ነው፣ ምኑን ነው የምታማርጠው? እኔ ንግሥቷ እሱ ጋ ናት ብዬ በዚያ በኩል ሄጄ ወደቅሁ። ተቃራኒን ለማሳሳት ብሎ መዘግየት ክልክል ነው። ስጠይቀው «የሚቀጥለውን እያቀድኩ ነበር» አለኝ። ደግሞ ያኛው አለ፣ አጣማሪው እንዲመልስለት የሚፈልገውን ካርታ በጥፊ እየመታ የሚጥል፣ የማይፈልገውን እንደ እንቁላል የሚያስቀምጥ። ጠረጴዛው ተሰነጠቀ እኮ!

«2 ክለብ ምን ማለት ነው?» ስትሉት «ኖርማል ነው» የሚለውም አለ። ኖርማል ምንድን ነው? «ስቴይማን ነው፣ አራት ኸርት ወይም አራት ስፔድ አለህ ወይ ብላ እየጠየቀችኝ ነው» ቢል ምን ይጎዳዋል? ስምምነታችሁን የማወቅ መብት አለኝ። ቀሪው የእኔ ነው ብሎ ካርታውን ዘርግቶ እንዴት እንደሚጫወተው የማይናገረውን፣ አንዲት ትራምፕ እኔ እጅ እያለች፣ እሱን ለሌላ ቀን።

የዓለም ሻምፒዮናዎቹ ይሄን ሁሉ ያውቁታል። በአፍ መጥራት ቀርቶ ቢዲንግ ቦክስ የመጣው ድምፅ እንዳያወራ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ቤርሙዳ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው፣ በቤርሙዳ ቦውል፣ አጣማሪ ከአጣማሪ እንዳይተያይ ጠረጴዛው መሃል መጋረጃ አቆሙ። በዚያው ውድድር ከጣሊያን ቡድን ሁለቱ በጠረጴዛው ስር በእግር ይነካካሉ ተብለው ተከሰሱ። ከላይ ሲጋረድ ከታች! ለጋሼማ መጋረጃም አይበቃም። ትንፋሻቸው ይሰማል።

ወደ አጣማሪዬ ልመለስ፣ እሱ ነውና ያበገነኝ። ይሄ ሰው ለተቃራኒ ማር ነው። ለእኔ ሲሆን በየእጁ መሃል ሌክቸር። «ለምን ክለብ አልመለስሽም?» «እዚያ ጋ ንጉሡን መያዝ ነበረብሽ።» ተቃራኒዎቻችን ተቀምጠው እየሰሙ፣ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ገና ያንን ካርታ ሳይጫወቱት። ዳሚ ሆኖ (ካርታውን ዘርግቶ አጣማሪው ብቻ የሚጫወትለት ሆኖ) እንኳ ቅንድቡ ያወራል። ዳሚ እኮ ዝም የሚልበት ቦታ ነው! ካርታህን ዘርጋ፣ የተባልከውን ካርታ አንሳ፣ ስፔድ ጨርሰሻል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ በቃ።

በ1929 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ማይርትል ቤኔት የምትባል ሴት ባሏን በሽጉጥ ገደለችው። ብሪጅ ሲጫወቱ። ባልየው 4 ስፔድ ተጫውቶ ወደቀ፣ ተጨቃጨቁ፣ በጥፊ መታት፣ ከዚያ ሽጉጥ። በ1931 ፍርድ ቤት ነጻ ለቀቃት። እኔ ግድያ አልደግፍም። ዝም ብዬ ነው የምነግራችሁ። 4 ስፔድ ነበር ግን፣ ልብ በሉ።

ሌላ አጣማሪ ፈልጊ የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ከየት? የቀሩት ወይ ከጋሼ ይብሳሉ ወይ 1430 የሚባለው አስ መጠየቂያ ከመደበኛው ብላክውድ ጋር ይምታታባቸዋል። አስ ስጠይቃቸው በጭንቅላታቸው የሚቆጥሩትን ፊታቸው ላይ አነባለሁ። እንዲያውም ለሚቀጥለው ውድድር ክፍያው ተከፍሏል። የከፈለውም እሱ ነው። እሄዳለሁ እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ። ጋሼንም ተነስቼ ሰላም እላቸዋለሁ። «ድካሙ ለቀቀሽ?» ይሉኛል፣ ከአሁኑ ይሰማኛል።

ቆይ፣ ይሄን እየጻፍኩ መልእክት ገባ። ከእሱ ነው። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ልቤ ሊራራ ምንም አልቀረው ነበር። እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦

«ያቺን 5 ዳይመንድ ሳስባት፣ መጀመሪያ ትራምፕ ብንመራ ኖሮ ሦስት ይጎድልባቸው ነበር። 500 እናገኝ ነበር። በሚቀጥለው አስቢበት።»

ብንመራ! ዳይመንዱን የጠራችው ሴትየዋ ናት፣ ከሴትየዋ ግራ የተቀመጠው እሱ ነው፣ የመጀመሪያዋን ካርታ የመራው እሱ ራሱ ነው! ደግሞስ 500 ከመቼ ወዲህ ነው ከ620 የሚበልጠው?