እርማት፦ የስፖርት መምህሩ ሥራውን አልሸሸም

ጋሼ፣ «በስፖርት ትምህርት ተማሪው ራሱ ስለ ውጤቱ ለወላጁ የሚያስረዳው መምህሩ ሥራ ሲሸሽ ነው፤ ደግሞስ ከሩጫ ሌላ ምን ይወራል?» ብለዋል። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን ስህተት ነው። መምህሩ አስቀድሞ ልጁን ግብ ያስይዘዋል፣ ውጤቱን ያስመዘግበዋል፣ አነጋገሩን ያለማምደዋል፤ መምህሩ ብቻውን ለወላጅ ከማውራት ይልቅ ይህ ይከብዳል። እስቲ ደሴ ላይ አንዲት ልጅ ሁለት ጣቷን በእናቷ የእጅ አንጓ ላይ አሳርፋ 15 ሰከንድ ስትቆጥር፣ በ4 አባዝታ የደቂቃውን የልብ ምት ስትነግራት ያስቡ። ያልገባትን እንዲህ ማስረዳት አትችልም! የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይህን አይሞላም፤ የቀረው በወላጅ እጅ ነውና ወላጁ ከልጁ ከራሱ መስማት አለበት።