ዝም ብሎ መቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ነው?

ሦስት ቀን ሙሉ ታግሼ ነበር። ዛሬ ግን ካልተናገርኩት የሚያንቀኝ ስለመሰለኝ እጽፈዋለሁ። ረጅም ነው፤ ሥራ ያለበት ሰው ከአሁኑ ይለፈው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ አዳራሽ፣ ልጄ የምትጫወትበት የፍሉት፣ ማለትም የፈረንጅ ዋሽንት፣ ቡድን የአሜሪካ ሙዚቃ ዝግጅት ነበረው። መግቢያው በነጻ፣ መኪና ማቆሚያው በነጻ፣ ሲያልቅ ብስኩትና ጭማቂ በነጻ። ከተመልካቹ የተፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስልክ አጥፍቶ ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ። መሪዋ በትሕትና ለመነች። በዝግጅቱ ወረቀት ላይም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? ደጃፍ ላይ ዘበኛ ቆሞ ስልክ ይረከበን?

የፍሉት ቡድን ስል ኦርኬስትራ መሐል ተቀምጠው የምታዩዋቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች እንዳይመስላችሁ። ሃያ አራት ሰው ነው፤ ሃያ አራቱም ፍሉት ይዟል። ስንዝር ተኩል ከምታህለው ፒኮሎ ይጀምራል። ከዚያ ተራው ፍሉት አለ፣ ከእርሱ ዝቅ የሚለው አልቶ አለ፣ ቧንቧው እጥፍ ስለሚረዝም አናቱ እንደ ከዘራ የታጠፈው ባስ አለ። መጨረሻ ላይ ከተጫዋቹ ቁመት ጋር የሚፎካከረው ኮንትራባስ ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ረስቶት የሄደ ዕቃ መስሎኝ ነበር። እምቢልታ ነፊዎች አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ አንድ ዜማ ሲያዋጡ ለሰማ የአገሬ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ልጄ የምትነፋው ባሱን ነው። የብሶቴም ሥር እዚህ ላይ ነው። ፍሉት እንደ ክላርኔት የሸምበቆ ምላስ የለውም። ትንፋሹ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው ድምፅ የሚሆነው፤ ከፊሉ እዚያው ውጭ ባክኖ ይቀራል። ፒኮሎ ይህ አያስጨንቃትም፣ ጣሪያ ትሰነጥቃለች። ባስ የያዘች ልጅ ግን ራሷን እስኪያዞራት ትነፋለች፣ የሚወጣው ድምፅ ሰው ጆሮ ሥር ተጠግቶ ምስጢር ሲያወራ ያህል ነው። ውበቱም እርሱ ነው። ይህን ድምፅ ለመግደል መዶሻ አያስፈልግም፤ አንድ የከረሜላ ልጣጭ ይበቃል።

ዝግጅቱ አሜሪካዊው ስኮት ጆፕሊን በ1899 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ባሳተመው ራግታይም፣ ምቱ በሚዘል የፒያኖ ሙዚቃ፣ ተከፈተ። አርፍዶ የመጣው ሁሉ በዚያ እየታገዘ ገባ፣ ወንበር ተጎተተ፣ ተረከዝ ተንኳኳ። ይሁን፣ ደማቅ ሙዚቃ ስለሆነ ቻለው። ቀጥሎ የሙዚቃ ደራሲው አሮን ኮፕላንድ በ1944 እዚሁ ዋሽንግተን፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየው የባሌት ውዝዋዜ ሙዚቃው ውስጥ ያስገባት፣ ሼከር የሚባሉ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ዜማ መጣች። የ1848 መዝሙር ናት፤ ሳያበዙ መኖር ስጦታ ነው የምትል። ልክ እርሷ ስትጀምር ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የእንጀራ ሞሰብ ክዳን የሚያህል ታብሌት ከራሳቸው በላይ አነሡ። ከዚያ በኋላ የገዛ ልጄን ያየሁት በሰው ታብሌት ላይ ነው። እርሱም ቢሆን ሁለት ጊዜ ጣታቸው ሸፍኗት ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ቀጥሎ የመጣው «አዳጂዮ» የሚባለው ዝግ ያለ ሙዚቃ ነው፤ አሜሪካዊው ሳሙኤል ባርበር ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳለ በ1936 ለአራት የክር መሣሪያዎች ጻፈው። በ1938 ዝነኛው የኦርኬስትራ መሪ ቶስካኒኒ በክር መሣሪያዎች ኦርኬስትራ በሬዲዮ አሰማው፤ ከዚያ ወዲህ አሜሪካኖች ሲያዝኑ የሚሰሙት ሙዚቃ ሆኖ ቀርቷል። እኛ የሰማነው ለፍሉት ተስተካክሎ ነው። ዜማው ደረጃ በደረጃ፣ በዝግታ ይወጣል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚህ በላይ ወዴት ሲባል ድንገት ይቆማል። ጸጥታ። ይህ ጸጥታ ስሕተት አይደለም፣ ማለቂያም አይደለም፤ ሰውየው የጻፈው ነው። ከጸጥታው በኋላ ነው እነ ባስ ከሥር ቀስ ብለው የሚገቡት። ልጄ ለእነዚያ ጥቂት ድምፆች አምስት ወር ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ ስትተነፍስ ከርማለች።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አዳራሹ አጨበጨበ! አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ። ጭብጨባው አፍሮ ሲበርድ ከወደኋላ ስልክ ጮኸ። ባለቤትየዋ ቦርሳዋን እስክትበረብር፣ ስልኩን እስክታገኝ፣ «አሁን አልችልም፣ ኮንሰርት ላይ ነኝ» ብላ እስክታስረዳ ድረስ የአምስት ወሩ ልፋት አልፎ ሄደ። እኔም ደሜ ፈልቶ አንድ ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

ጆን ኬጅ የሚባል አሜሪካዊ በ1952 አንድ ድርሰት አቅርቧል። ፒያኖ ተጫዋቹ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ ምንም ሳይጫወት ይቀመጣል፤ የአዳራሹ ሳልና ኮሽታ ነው የሚደመጠው። የእኛዎቹ ኬጅን ከባርበር ጋር ደርበው ተጫወቱልን። ደግሞ «ፈረንጅ ሥርዓት ያውቃል» የምትሉኝ ተዉኝ፤ አበሻውም ፈረንጁም ያን ቀን አንድ ነበር።

የማልደብቀው ነገር፣ በመጨረሻ የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ፊሊፕ ሱዛ ዝነኛ ማርሽ፣ የሰልፍ ሙዚቃ፣ ሲመጣ፣ በ1987 የአገሪቱ ብሔራዊ ማርሽ ተብሎ በሕግ የተሰየመው ማለት ነው፣ ፒኮሎዎቹ ከፊት ተሰልፈው ሲቆሙ እኔም ከሰዉ ጋር አጨብጭቤአለሁ። ለማርሽ ይጨበጨባል። ፒኮሎ እንደሆነች በመድፍ መሐልም ትሰማለች።

አሁን የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ «ልጄ ያቺን ትልቅ ዋሽንት ስትነፋ አሳየኝ» ብላ ቃል አስገብታኝ ነበር። እኔ ግን ሕግ አክባሪ ሆኜ ስልኬን አጥፍቻለሁ፣ አንድ ምስል የለኝም። ምን ይደረግ? ብስኩቱ ጋ ሄጄ እኒያን የታብሌት ሽማግሌ ለመንኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ሙሉውን ላኩልኝ። እኔም ሳላየው ለእናቴ አስተላለፍኩት።

ማታ ደወለች። «ዋሽንቷ ደስ ትላለች» አለችኝ፣ «ጸጥ ሲል ግን ‘ዝም በሉ እንጂ!’ እያለ በአማርኛ የሚጮኸው ባለጌ ማን ነው?»