ለውዝ የተጠቀለለበት ካርቱን

ባለፈው ክረምት ድሬ ዳዋ ሄጄ መጋላ ገበያ ውስጥ የባቢሌ ለውዝ ገዛሁ። ሻጯ እንደ ድሮው ከአሮጌ መጽሔት አንድ ገጽ ቀድዳ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ደነገጥኩ። ሰባት ቀሚስ ደራርባ የለበሰች ኮንትሮባንድ ነጋዴ በባቡሩ በር አልገባ ብላለች፤ ፊናንሱ፣ ማለት የጉምሩክ ፖሊሱ፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል። የከዚራ ሰፈር ጎረቤታችን፣ የካርቱኒስቱ ሥራ ነው!

የምኖረው ፓሪስ ነው። እዚያ ዣን ዣክ ሳምፔ የሚባል የመጽሔት ካርቱኒስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ቦርዶ ከተማ ለሚታተም ጋዜጣ ሥዕል መሸጥ ጀመረ፤ ኋላ የአሜሪካኑን መጽሔት የኒው ዮርከርን ሽፋን ከመቶ ጊዜ በላይ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2011 የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ሥዕሎቹን ሰቅሎ ሕዝቡን በነፃ አስገባ። እኔም ብርድ ላይ ተሰልፌ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ89 ዓመቱ ሲሞት አገሩ ሁሉ አዘነለት።

የኛው ሰውስ? በእኛ አቆጣጠር በ1985 የፕሬስ ሕጉ ወጥቶ መጽሔት እንደ አሸን ሲፈላ፣ አዲስ አበባ ላሉት መሳል ጀመረ። ቀን ያስተምራል፣ ማታ ይስላል። ጠዋት ሥዕሉን በፖስታ አሽጎ ምድር ባቡር ጣቢያ ይሮጣል፤ ለመንገደኛ ይሰጣል። ልጅ ሆኜ ስንቴ ተልኬ አድርሻለሁ። ኦሪጅናሉ አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም። አንዱ መጽሔትማ የስድስት ወር ሒሳቡን ሳይከፍለው ተዘጋ። አደግ ስል አዘጋጁ ጋ ደውዬ ጠየቅኩለት። «ሥዕል እኮ ገጽ መሙያ ነው» አለኝ። ገጽ መሙያ! እኛ ሰፈር መጽሔት የሚገዛው ለሱ ሥዕል ነበር። ንባብ የምንጀምረው ከመጨረሻው ገጽ፣ ከሱ ካርቱን ነበር። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ወረቀቱን ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

«አቦ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«አንተ ጋ የለም እንዴ?»

«አንድም የለኝ።»

መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆየ። «ተቻኩዬ ነበር፤ የፊናንሱ ቆብ ተንጋዷል» አለና እስክሪብቶዬን ተቀብሎ አቃናው። ከዚያ ባለቤቱን ጠርቶ አሳያት።

የድሬ ልጆች፣ ቤታችሁ የዚያን ዘመን መጽሔት ካለ እባካችሁ ለለውዝ አትስጡብኝ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣችሁ እዩልኝ። ሰባት ቀሚስ የለበሰችዋ ተገኝታለች፤ ሌሎቹን እየፈለግኩለት ነው።