ሻጩን ያዙ፣ ጓዳ ግን አትግቡ

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ቤት ዕጣን ይጨሳል። ጋሼ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸው ይመጣሉ። ፍራሽ ይነጠፋል፣ የወንዶ ጫት በኮባ እንደተጠቀለለ ይቀርባል፣ ሻይ በፔርሙስ ይመጣል፣ የአሰብ መንገድ ወሬ ይነሳል። አመሻሽ ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ከዚያ ቤት አንድም ቀን የጠብ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ግን ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን የግቢው በር ተንኳኳ፤ ገና ሳይከፈትም ተገፋ። ዩኒፎርም የለበሱ አራት ሰዎች ገቡ። "ጫት ማስቃሚያ ቤት ተከፍቷል የሚል ጥቆማ ደርሶናል" አሉ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልያዙም። ጋሼ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ በባዶ እግራቸው ወጥተው "ልጄ፣ ይሄ እኮ መኖሪያዬ ነው" አሉ። የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ፍራሹን በጫማው ገለበጠው። ጫቱ በፌስታል ተሰበሰበ፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እያያቸው በባጃጅ ተወሰዱ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ያለ ክስ ተለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በዚህ ሙቀት መስኮታቸውን ዘግተው ነው የሚቅሙት።

እኔ ጫት አልቅምም። አብረውኝ የተማሩ ሁለት ልጆች በጫት ጀምረው፣ ምርቃናውን በመጠጥ በሚሰብሩበት በጨብሲ ቀጥለው፣ ትዳርም ሥራም ሲበተንባቸው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጉዳቱን አውቀዋለሁ። ግን ጫት በሀገራችን ሕግ የተከለከለ ነገር አይደለም። ገበሬው በይፋ ያመርተዋል፣ ነጋዴው በአደባባይ ይሸጠዋል፣ መንግሥት ይቀርጠዋል፣ ውጭ ተልኮ ዶላር ያመጣል። ከማሳ እስከ አውሮፕላን ድረስ ሕጋዊ የሆነ ቅጠል ጋሼ ፍራሽ ላይ ሲደርስ በየትኛው አንቀጽ ነው ወንጀል የሚሆነው?

መንግሥት በሰው ባህሪ ላይ ምንም አይበል የሚሉትን ግን አልከተልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112/2011ን፣ ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ምሽት ቤት አስተናጋጅ የነበረች ልጅ አውቃለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን ትሠራለች። "ፀጉሬን ታጥቤ ብተኛም ትራሴ ሲጋራ ሲጋራ ይለኛል" ትለኝ ነበር። አንድም ቀን አጭሳ አታውቅም፤ የሚያጨሱት ደንበኞቹ፣ የምትስለው እሷ። የእነሱ ነፃነት የእሷ ሳንባ ውስጥ ነበር የሚያልቀው። አዋጁ በተዘጋ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ ማጨስ የፈለገ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ይራቅ አለ። ሰውዬው አታጭስ አልተባለም። ከእሷ ራቅ ነው የተባለው።

ያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ። ከዚያ በፊት ዜና በቢራ ተጀምሮ ኳስ በቢራ ያልቅ እንደነበር የማያስታውስ የለም። የእኔ ልጅ ፊደል ሳይለይ የቢራ ዘፈን በቃሉ ይወጣ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም ይዘፍንልን ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ማስታወቂያው ሲቀር ግን የማንም ጠጪ መብት አልተነካም። ቢራው አለ፤ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሄዶ ይጠጣል። የተያዘው የሻጩ ምላስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በአንድ ፓኮ 8 ብር ሲጥል የማንንም በር አላንኳኳም።

ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። መንግሥት ሻጩን፣ ማስታወቂያውን፣ የሕዝብ አዳራሹንና መንገዱን ይቆጣጠር። ለአዋቂ ሰው ጓዳ ግን እንግዳ ነው፤ ሲገባም የሚያስገባ ወረቀት ይዞ ይግባ።

የሞተረኛ ሄልሜትስ? የሚል ይኖራል። ሳያደርግ የሚነዳው የሚሰብረው የራሱን ጭንቅላት ነው። ይህኛው ያከራክራል፤ እኔ ግን መንገዱ የጋራ ስለሆነ፣ የተሰበረውንም የምናስታምመው እኛው ስለሆንን ግዴታውን እቀበላለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ሰፈራችን ውስጥ የምትኖር፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። ልጇ የጠዋት እንጀራ የተሸጠበትን ብር ይዞ ጫት ተራ ይሄዳል። ስለ ጋሼ ጉዳይ ስናወራ ሰምታ "ይውሰዷቸው! ሁሉንም ይውሰዷቸው! የእኔን ልጅ የሚወስድልኝ ባገኘሁ" አለችኝ። ምን እመልስላታለሁ? መከራዋ እውነት ነው። ስለ ነፃነት የምጽፈው ጽሑፍ የእሷን ማሰሮ አይሞላም።

ግን ልጇን ወስደውት ያውቃሉ። ከአንድ ሺሻ ቤት ከሌሎች ጋር አፍሰው አንድ ሌሊት አሳድረውታል። በነጋታው ስንቅ ተሸክማ ጣቢያ በር ላይ የቆመችው እሷ ናት፤ የዚያን ዕለት እንጀራም ሳይሸጥ ቀረ። በሳምንቱ ልጁ ተመልሶ ጫት ተራ ነበር። ሺሻ ቤቱም ስሙን ቀይሮ፣ ሁለት በር ወረድ ብሎ ተከፈተ። የታሰረው ደንበኛው ነው፤ ባለቤቱ አልተነካም። እናቲቱ የሚያስፈልጋት ልጇ ሱስ ለማቆም ሲፈልግ የሚያገኘው ሕክምና፣ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ጫት የሚሸጠውን የሚያስነሳላት ሰው፣ ልጁ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ሥራ ነው። አፈሳ ከእነዚህ አንዱንም አይሰጣትም። አፈሳ የሚቀናው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ አንድ መኪና ከተላከ ማታውኑ ቁጥር ሪፖርት ይደረጋል።

በቅጣት ሱስ ማስጣልን እኛም ድሮ ሞክረነዋል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ አዘው እንደነበር ይነገራል። ከዚያስ? ዘመን አልፎ መንግሥት ራሱ ትምባሆ ነጋዴ ሆነ፤ ለአሥርት ዓመታት በሞኖፖል ሲሸጥ ኖረ። በ2008 እና በ2010 ዓ.ም. ከዚያው የትምባሆ ድርጅት ከ70 በመቶ በላይ ድርሻ ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ሲያስተላልፍ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘበት። የዜጋው ከንፈር የተፈረደበትን ያህል የሻጩ ኪስ ተፈርዶበት አያውቅም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ማንም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የተጠበቀ ነው ይላል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ እንደ ጤና፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከል ወይም የሌላው ሰው መብት ላሉ ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ጤና የሚለው ቃል አለ፣ አልካድኩም። ዝርዝር ሕግ የሚለውም አለ። "ከበላይ ተነግሮን ነው" ዝርዝር ሕግ አይደለም፤ ጥቆማም አይደለም። ገና በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይሁን ብሎ ነበር።

አንቀጹን ፕሪንት አድርጌ ለጋሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ካፖርታቸውን የሚሰቅሉበት ሚስማር ላይ፣ በሩ ጀርባ ሰኩት። ልወጣ ስል ጠሩኝና "ያንን ስለ ሰዓቱ የሚናገረውንም አምጣልኝ" አሉኝ።